አጥር ስንት ያወጣል?

ደምሰው በአሥራ አንድ ዓመት የኳስ ተጫዋችነት ዘመኑ ኳስ የነካው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ጥፋት ተብሎ ተፈርዶበታል። ሥራው ኳስ መንካት አይደለም። ሥራው ኳስ የሚነካውን ሰው ማንም እንዳይነካው መቆም ነው። ደንቡ ከተለወጠ ወዲህ እያንዳንዱ ቡድን ከአጥቂው ፊት አንድ እንዲህ ያለ ሰው ያቆማል። በወረቀት ላይ «የመስመር ከላካይ» ይባላል፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ግን ሁሉም የሚያውቀው «አጥር» በሚለው ስሙ ነው። ደምሰው የሾላ ሜዳ ስፖርት ክለብ አጥር ነበር። ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ሌላው ተሳፋሪ ይወርዳል፤ ደምሰውም የሁለት ሰው ሂሳብ ከፍሎ፣ የወረደውን ሰው ይቅርታ ጠይቆ ይሄዳል።

ከጀርባው የሚጠብቀው አጥቂ ናሆም ይባላል። ናሆም በከተማው ግድግዳ ሁሉ ላይ ተሥሏል። ደምሰውን የሣለው ሰው የለም። አንድ ጊዜ ብቻ አንዱ ሠዓሊ የናሆምን ጥላ አስፍቶ ስለሣለው «ይቺ እንኳ ደምሰው ሳትሆን አትቀርም» ተብሎ ተወርቶ ነበር።

በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ የደምሰው ውል አለቀ። ዳሎል በረሃ ውስጥ ያለው፣ በጨው የከበረው የነጭ አምባ ቡድን «አጥራችሁን ስጡን» ብሎ አርባ ሚሊዮን ብር አቀረበ። አንድ ሽሮ በሁለት ሺህ ብር በሚበላበት ዘመን እንኳ አርባ ሚሊዮን ብር ገንዘብ ነው። ደንቡ አጭር ነበር፦ የገዛ ክለቡ እስከ ዓርብ ቀትር ድረስ ከዚያ የበለጠ ከፍሎ ካልተስማማ ተጫዋቹ የጠያቂው ይሆናል። ተጫዋቹ መሄድ ይፈልግ እንደሆነ የሚጠይቅ አንቀጽ አልነበረውም፤ ያረቀቁት ሰዎች ረስተውት ሳይሆን አይቀርም።

ከተማው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ለአጥር አርባ ሚሊዮን? እንጨት ጠፍቶ ነው?» ይላል። ሌላው «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይሄው ነው፤ የኛ ስለሆነ ነው የናቃችሁት» ይላል። ሁለቱም ወገን ደምሰው ሲያልፍ ዝም ይልና ከሄደ በኋላ ይቀጥላል።

ደምሰው ራሱ መቅረት ነበር የፈለገው። ሚስቱ ፀዳለ ሥራዋ እዚህ ነው። ከተማውን ይወዳል፤ የሐረጎን አቀበት ማለዳ ማለዳ ሲወጣው ጉልበቱ የሚታዘዝለት እዚህ ብቻ ይመስለዋል። በዳሎል ሙቀት ደግሞ አጥር ከሁለት ዓመት በላይ እንደማይቆም ሁሉም ያውቃል። ከዚያም በላይ፣ ለራሱም ቢሆን ጮክ ብሎ ባይለውም፣ ክለቡ አንድ ቀን እንኳ ከኪሱ አውጥቶ «ያስፈልገናል» እንዲለው ይፈልግ ነበር። ችግሩ ይህን አፍ አውጥቶ መናገር አለመቻሉ ነው።

መናገር በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ፊርማ ከቀረ ቆይቷል። በየቢሮው፣ በየቤቱ፣ በየባጃጁ ጣሪያ ላይ «ሰሚ» የሚባል የሽንኩርት ራስ የሚያህል መሣሪያ ተሰቅሏል፤ የሰማውን እንደ ውል ይመዘግባል፣ ሰው ያለው ይሆናል። «አላልኩም» የሚል ክርክር ፍርድ ቤቱን ስላጨናነቀው የመጣ ሕግ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ክርክሩን አጥፍቶታል። ያጠፋው ግን ክርክርን ብቻ አልነበረም።

በመጀመሪያው ዓመት አንዱ አዲስ ቤት ለገባ ጎረቤቱ እንደ ወጉ «ቤት ለእምቦሳ» አለው። ባለቤቱም እንደ ወጉ «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ መለሰ። ሰሚ ሁለት ወገን ተስማምቷል ብሎ ቤቱን በጥጃ ስም መዘገበው፤ ጥጃው ስላልተገኘ እስካሁን ግብሩን የሚከፍል የለም። አንዲት ሴትዮ እንግዳዋን «አፈር ስሆን፣ አንድ ጉርሻ» ብላ ለመነች፤ በማግሥቱ ከማዘጋጃ ቤት ቁመቷን የሚለካ ሰው መጣ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ የማለ ሾፌር የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ደረሰው። ምግብ ቤት ውስጥ «እኔ ነኝ የምከፍለው»፣ «በጭራሽ፣ እኔ ነኝ» የተባባሉ ጓደኛሞች ሁለቱም ሙሉ ሂሳብ ተቆረጠባቸው፤ ምግብ ቤቶቹ ይህን ክርክር የሚያሟሙቅ አስተናጋጅ መቅጠር ጀመሩ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ከሱቅ የወጣ ሰው ስሙ ከከፋዮች መዝገብ ወጥቶ «ከፋይ፦ እግዜር፤ አድራሻ፦ ያልተሟላ» ተብሎ ተጻፈለት። ሰሚ የማይሠራው ለቅሶ ቤት ብቻ ነው፤ እዚያ «ምነው እኔን በወሰደኝ» የሚል ስለሚበዛ ሳይወዱ በግድ አጠፉት።

ወጣቶቹ ቶሎ ለመዱት። «እፈልጋለሁ»፣ «አልፈልግም» ይላሉ፤ ሌላ አይጨምሩም። ደምሰው ግን አባቱ «ጨዋ ሰው ሁለቴ ሳይለመን እሺ አይልም» እያሉ ያሳደጉት ሰው ነው። ጫማ ሲገዛ እንኳ ቁጥሩን ሲጠየቅ «የተገኘው ይሁን» ይል ነበር። በዚህ ምክንያት ለሁለት ዓመት የጠበበ ጫማ አድርጎ ሄዷል።

ሚስቱ የዚህ ተቃራኒ ናት። ፀዳለ የምትሠራው በከተማው የቃል ማረሚያ ቢሮ ነው። ቃል ያመለጣቸው ሰዎች ተሰልፈው ይመጣሉ፤ እሷም ሰጪና ተቀባይ አብረው ቀርበው «ተሳስተን ነው» ካሉ ታርምላቸዋለች። አንዱ ወገን ከቀረ አይታረምም። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው አፍ ያመጣውን ጣጣ ስትሰማ ስለምትውል እሷ አንድ ቃል ሳትመዝን አትናገርም። ሠፈሩ ውስጥ «ፀዳለ ደህና ዋልሽ» ተብላ ስትጠየቅ ለአፍታ አስባ «ከሰዓት በፊት ደህና ነበርኩ» የምትል ሴት ናት።

የመጀመሪያው ድርድር ሰኞ ዕለት ሆነ። የሾላ ሜዳ ባለቤት ጋሽ እንድሪስ ክለቡን ከአባታቸው የወረሱ፣ ሰፊ ልብና ሰፊ ዕዳ ያላቸው ሰው ናቸው። ደምሰውን ለማስቀረት ቆርጠው፣ ከወንድሞቻቸው ተበድረው፣ አርባ ሁለት ሚሊዮን ይዘው ነበር የጠበቁት። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው። በሌላ ዘመን ቢሆን ጉዳዩ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቅ ነበር።

«እንግዲህ ደምሰው፣ ልጃችን ነህ» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ምን እናድርግልህ? አትፈር፣ ጠይቅ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ምን እጠይቃለሁ።»

«የተጫዋቹ ጥያቄ፦ ምንም» አለ ሰሚ ከጣሪያው ላይ።

ጋሽ እንድሪስ ቀና ብለው ሰሚን በቁጣ አዩት። «ምንምማ እንዴት ይሆናል። አርባ ሁለት ሚሊዮን ይዤለታለሁ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ይሄማ በጣም ይበዛል። ለእኔ ነው ይሄ ሁሉ?»

«ተጫዋቹ አርባ ሁለት ሚሊዮኑን አልተቀበለም» አለ ሰሚ።

ይህን ጊዜ የጋሽ እንድሪስ ልብ ተነካ። እንዲህ ያለ ልጅ ዛሬ ከየት ይገኛል። ተነሥተው ሄዱና የደምሰውን ትከሻ፣ እስከደረሱበት ድረስ፣ አቀፉት። «አየህ፣ ይሄ ነው ያስተዳደግ ምልክት። እኔና አንተ ምን ገንዘብ ገንዘብ እንባባላለን። ክለቡ ያንተ አይደለም እንዴ? ያንተ ነው።»

«እሺ ጋሼ፣ ክብረት ይስጥልኝ» አለ ደምሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ።

«ሰጪ ሰጥቷል፤ ተቀባይ እሺ ብሏል» አለ ሰሚ። «ከአሁን ጀምሮ የሾላ ሜዳ ስፖርት ክለብ የደምሰው ነው። እንኳን ደስ ያለዎት።»

ጋሽ እንድሪስ ወደ ወንበራቸው ተመለሱና ሊቀመጡ ሲሉ ወንበሩ የእሳቸው አለመሆኑ ትዝ አላቸው፤ ቆመው ቀሩ። ደምሰውም «ይቀመጡ እንጂ» ለማለት ፈልጎ ወንበሩንም እንዳይሰጣቸው፣ ወይ እሳቸውን እንዳይቀጥራቸው ፈርቶ ዝም አለ።

ክለቡን ለመመለስ ያልሞከረው ነገር የለም። ሰኞ ከሰዓት ሄደ፣ ማክሰኞ ሄደ፣ ረቡዕ ደግሞ ፀዳለን ይዞ ሄደ። ጋሽ እንድሪስ በሩ ላይ ቆመው «የሰጠሁትን ልቀበል? ሰው ምን ይለኛል?» ብለው መለሱት።

«ስጦታ አልነበረማ ጋሽ እንድሪስ» አለች ፀዳለ። «አብረውት ቢሮ ይምጡና ‹ተሳስተን ነው› ይበሉ፤ ሁለት ቃል ናት።»

«እኔ በስልሳ ስምንት ዓመቴ ተሰልፌ ተሳስቼ ነው ልበል? እግዜርም አይወደው።» ይህን ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። እውነቱን ለመናገር ከሰኞ ወዲህ እንቅልፋቸው ጥሩ ሆኖላቸው ነበር፤ ዕዳው ከክለቡ ጋር አብሮ መሄዱን ያወቁት ሰኞውኑ ነው፤ ከወንድሞቻቸው የተበደሩትንም በማግሥቱ መልሰዋል።

ወሬው ሲሰማ የከተማው ክርክር አለቀ። ሌላ ተጀመረ። ለአጥሩ ከፍሎ ማስቀረት ያለበት ባለቤት አጥሩ ራሱ ሆኗል። ለሰሚ ግራ የሆነ ነገር ነው። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» አለ የሠፈሩ ዳቦ ሻጭ፣ ደምሰው ፊት ለፊቱ ቆሞ እያለ። ያየው ሰው ሁሉ ያንኑ ተረት ይተርት ጀመር። ደምሰው በሕይወቱ ሌባ ተብሎ አያውቅም፤ አሁንም ማንም አላለውም። ሰላምታው ግን ተለወጠ፤ ሰዎች ሲጨብጡት እጁን ትንሽ ቆየት አድርገው ያዩታል።

ለዚህ ነገር ደንብ ነበረው፤ ደንብ የሌለው ነገር በዚያ ዘመን አልነበረም። አንድ ሰው በሁለት ወንበር አይቀመጥም። ደምሰው በተጫዋችነቱ ይደራደራል። በትዳር ውስጥ የገባ ሀብት ግን የጋራ ስለሆነ ግማሹ ክለብ የፀዳለ ነው፤ በክለቡ ወንበር የምትቀመጠው እሷ ናት።

ሐሙስ ማታ ራት ከበሉ በኋላ ፀዳለ ሳህኑን ገፋ አድርጋ አየችው።

«ደምሰው፣ መሄድ ትፈልጋለህ?»

«አንቺ እንዳልሽ።»

«እኔን ተወኝ። እኔ የምጠይቀው አንተን ነው።»

«ለክለቡ የሚሻለው ይሁን።»

«ክለቡ አንተ ነህ።»

ደምሰው ጣቶቹን ቆጠረ። መቅረት እፈልጋለሁ የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ነበር፤ ግን እዚያ ሲደርስ የአባቱ ድምፅ፣ የዳቦ ሻጩ ሳቅ፣ የሰሚ ጆሮ ሁሉም በሩ ላይ ተኮልኩለው ጠበቁት። «ዳሎልም ሰው ይኖርበታል» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ግን አልኖርበትም» አለች ፀዳለ። «ቢሮው ሌላ ሰው የለውም። አንተ ከሄድክ ሁለት ዓመት ሙሉ በየበዓሉ ብቻ ነው የማይህ። ይህን አውቀህ ተኛ።»

አልተኛም።

ዓርብ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ፀዳለ በጋሽ እንድሪስ ወንበር ተቀመጠች። ወንበሩ ከፍ ያለ ስለሆነ እግሯ መሬት አልደረሰም። ደምሰው ከፊት ለፊቷ፣ ጋሽ እንድሪስ በምስክርነት በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ነበሩ። መስኮቱ ላይ ግማሽ ሠፈር ተደግፏል፤ ዳቦ ሻጩ ከፊት ነው።

«ክለቡ ዋጋ ያቅርብ» አለ ሰሚ።

«አርባ አንድ ሚሊዮን» አለች ፀዳለ።

ደምሰው መስኮቱን ሰረቅ አድርጎ አየ። «ይበዛል» አለ።

«ተጫዋቹ ይበዛል ብሏል። ክለቡ ይቀንሳል?»

«አልቀንስም። አርባ ሦስት።»

«ኧረ ፀዳለ፣ ተይ እባክሽ፣ ከየት ታመጫለሽ?»

«አርባ አምስት።»

«ለአጥር እኮ ነው። ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ምን እንደሚል ተመዝግቧል» አለ ሰሚ። «ከነስማቸው ላሰማ?»

«ኧረ ይቅር፣ ይቅር» አለ መስኮቱ በአንድ ድምፅ።

እንዲህ ሲሉ አምስት ሰዓት ሆነ። ፀዳለ በጨመረች ቁጥር ደምሰው ይቀንሳል። በከተማው ታሪክ ገዢ እየጨመረ ሻጭ እየቀነሰ የተጣላበት ገበያ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ጋሽ እንድሪስ አንድ ጊዜ «ልጅ ደምሰው፣ እሺ በል እንጂ» ብለው ሊለምኑ ጀምረው ነበር፤ ሰሚ «ምስክሩ ለየትኛው ወገን እንደሚደራደር ይግለጽ» ሲላቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ተጫዋቹ ከነጭ አምባ በላይ የቀረበውን ሁሉ አልተቀበለም» አለ ሰሚ። «ሌላ ሐሳብ ከሌለ ቀትር ላይ ወደ ዳሎል ይዛወራል። መኪናው ውጭ ቆሟል።»

መኪናው በእርግጥ ቆሞ ነበር። ነጭ ነው፣ በሩ ሰፊ ነው፤ ለደምሰው ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ፀዳለ በመስኮቱ ሰዎች መካከል አሻግራ አየችው። ከዚያ ባሏን አየች። ይህ ሰው ተለምኖ እሺ እንደማይል ዘጠኝ ዓመት ኖራበት ታውቃለች። ሙገሳ ሲሰማ ይሸሻል። ታዲያ ከየት በኩል ይያዛል?

«እሺ፣ ልክ ነህ» አለች። «የቅድሙን ሁሉ አንሥቻለሁ። ክለቡ የሚከፍለው አንድ ሚሊዮን ነው።»

ደምሰው ልማዱ ሆኖ ራሱን ሊነቀንቅ ሲል አላስጨረሰችውም።

«እሱም ይበዛል። አምስት መቶ ሺህ። ምን ትሠራለህና? ትቆማለህ። የመብራት እንጨትም ይቆማል፤ እሱ እንኳ መብራት ይይዛል።»

መስኮቱ ሳቀ። ዳቦ ሻጩ ከሁሉም በላይ ሳቀ። ደምሰው ጆሮው ሲግል ተሰማው።

«ኳስ አትነካ፣ ጎል አታገባ። አሥራ አንድ ዓመት ሜዳ ስትገባ አንድ ቀን ስምህን የጠራ ሰው አለ?»

«ተይ» አለ ደምሰው ቀስ ብሎ።

«ምኑን ልተው፤ ራስህ እኮ ነህ ያልከው። ሰሚ፣ ያዝ። ይህ ሰው ዋጋ የለውም።»

«ተይዟል» አለ ሰሚ።

ፀዳለ ማቆም አልቻለችም። ከጀመረች በኋላ የተናገረችው ሁሉ ለዘዴ ብቻ አልነበረም፤ ስንት ዓመት የታመቀ ነገር አብሮ ወጣ። «ቤትም ያው ነህ። ‹አንቺ እንዳልሽ›፣ ‹የተገኘው ይሁን›። የምትወደውን ወጥ እንኳ እስካሁን አላውቀውም። ከአጥር ጋር መኖር ሰልችቶኛል። በቃ፣ ፈትቼሃለሁ።»

የመጨረሻዋን ቃል ስትሰማት እሷም ደነገጠች። በሕይወቷ አንድ ቃል አምልጧት አያውቅም።

ደምሰው ተነሣ። ሲነሣ ጠረጴዛው አብሮት ተነሣና ወደቀ።

«እቆማለሁ» አለ። «አዎ፣ እቆማለሁ። የማን እግር ነው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ያላረፈ? ናሆም ስምንት ዓመት አንድ ቀን በቃሬዛ ወጥቶ ያውቃል? እኔ አሥራ አራት ጊዜ ወጥቻለሁ። ጎል ሲገባ ሁላችሁም ትዘላላችሁ፤ እኔ ጎል አይቼ አላውቅም። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ የገዛ ቡድኔን ጎል አላየሁም። ጀርባዬን ሰጥቼ ነዋ የምቆመው። ጩኸታችሁን እሰማና ‹ገባች ማለት ነው› እላለሁ። ከዚያ ከተጋደምኩበት ሰው ላይ እነሣና ልብሴን አራግፋለሁ። ዋጋ የለውም? ማነው ዋጋ የለውም ያለው?»

መስኮቱ ላይ የሚስቅ አልነበረም። ዳቦ ሻጩ ወደ ኋላ ረድፍ ሄዷል።

«አርባ አምስት ነበር ያልሽው? አርባ ስምንት» አለ ደምሰው። «አንዲት ብር አልቀንስም። ይገባኛል። እዚሁ ነው የምቀረው። መቅረት እፈልጋለሁ።»

«ተስማምቻለሁ» አለች ፀዳለ፣ አፉን ሳይገጥም።

«ውሉ ተፈጽሟል» አለ ሰሚ። «ደምሰው በሾላ ሜዳ ይቀራል። ክለቡ ይህን ለመክፈል የሚበቃ ገንዘብ የለውም። የሚሸጥ ያለው አውቶቡሱና ናሆም ነው። የትኛው ይሸጥ?»

ፀዳለ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ሁለቱም» አለች።

የነጭ አምባ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ከሚመለሱ ብለው ናሆምን እዚያው ገዙት። ሰፊው መኪና አጥር ሊወስድ መጥቶ አጥቂ ይዞ ሄደ፤ ናሆም በመስኮቱ እጁን ሲያውለበልብ ወንበሩ ላይ በጣም ትንሽ ሆኖ ታየ። ጋሽ እንድሪስ እያዩት ቆዩና «አጥር አስቀርታችሁ ቤቱን ሸጣችሁት እኮ» አሉ።

«ታዲያ እኔ ማንን ልጠብቅ ነው?» አለ ደምሰው።

«እሱን ሰኞ እናስብበታለን» አለች ፀዳለ። ግን ወደ እሱ አላየችም፤ ሰሚ ገና አለመጨረሱን ከሥራዋ ታውቀዋለች።

«ተጨማሪ ውሳኔ» አለ ሰሚ። «ጋብቻው ፈርሷል። ክለቡ እኩል ለሁለት ተከፍሏል። ቀሪ ጉዳይ የለም፤ መልካም ቀን።»

ወደ ቤት ሲሄዱ አልተነጋገሩም። ባጃጅ ውስጥ ተሳፋሪው ለደምሰው ሊወርድለት ሲል ደምሰው «አይውረዱ፤ ቀጣዩን እጠብቃለሁ፣ ቦታም እፈልጋለሁ» አለ። ፀዳለ ይህን ሰምታ፣ በቀጣዩ ባጃጅ ውስጥ መንገዱን ሁሉ ወደ ውጭ እያየች ሄደች። ቃሏን ቢሮ ወስዳ ማረም እንደምትችል ታውቃለች፤ ተራው ሦስት ወር ይቆያል፣ ያውም አብሮ ቀርቦ «ተሳስተን ነው» የሚል ባል ካለ። አሁን ደግሞ ያንን ጠይቆ እሺ የማሰኘት መብት አላት ወይ? ዋጋ የለውም ማለቷ ለዘለዓለም ተጽፏል።

ቤቱ የተመዘገበው በፀዳለ መሥሪያ ቤት በኩል በስሟ ነበር። በሩ ላይ ያለው ሰሚ «ፀዳለ፣ ደህና ገቡ» አለና ቆም አለ። «አብሮዎት እንግዳ አለ። ይግባ?»

ፀዳለ ቁልፉን ይዛ ቆመች። ምን እንደምትል ጨንቋት ነበር። ይግባ ብትል እንደ እንግዳ ነው የሚገባው፤ አይግባ ብትል እንደ ምን ይሆናል።

«ቆይ፣ እኔ አለኝ የምለው» አለ ደምሰው። ደረጃው ላይ ሁለት እርከን ዝቅ ብሎ ስለቆመ ፊታቸው እኩል ሆኗል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሲያገባት የተናገሩት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እሱ ግድግዳ ተደግፎ መሬት መሬት እያየ ነበር ያለፈው። አሁን ግን ያያት እሷን ነው። «ፀዳለ፣ አንቺን እፈልጋለሁ። የምወደው ወጥ ምስር ነው፣ ቃሪያ የበዛበት። ሌላም ብዙ አለኝ፤ ቀስ እያልኩ እነግርሻለሁ። እንድታገቢኝ እፈልጋለሁ።»

ጎረቤት ያለችው ሴትዮ የሰቀለችውን ልብስ ማውረድ ትታ ቆማለች።

ፀዳለ እንባዋና ሳቋ አንድ ላይ መጣባት። እሺ ለማለት አፏን ከፈተች። ከዚያ ግን በሕይወቷ ተመኝታ የማታውቀው ነገር አማራት፤ እንደ እናቶቿ፣ እንደ አክስቶቿ፣ እሺታዋን ሁለቴ እስክትለመን መደበቅ አማራት። ዓይኗን ሰበር አድርጋ መሬት አየች።

«እስቲ ላስብበት» አለች።

«ምላሽ፦ በማሰብ ላይ» አለ ሰሚ። «እስከ መቼ?»

«ሽማግሌ ይላክና እናያለን» አለችና ገብታ በሩን በቀስታ ዘጋችው።

ደምሰው ለአፍታ የተዘጋውን በር አየ። ከዚያ ዘወር ብሎ፣ ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለ፣ ወደ ጋሽ እንድሪስ ቤት በሩጫ ወረደ። ዳቦ ሻጩ ከመንገድ ላይ ሰሃኑን ይዞ ዘለለ። ያ ሰው ሲሮጥ አይቶ የሚያውቅ በከተማው ውስጥ አልነበረም።